የታረመው ቁስል

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ነገሩ አንድ ገበሬ እግር ላይ ስለነበረ ቁስል ነው። እኛ አገር ቁስል የማያውቀው እግር የለም፤ ማረሻ ያገኘዋል፣ እሾህ ይወጋዋል፣ በሬ ይረግጠዋል። ሰው አልሞተበትም፣ እግሩም አልተቆረጠም። የቋንቋ መምህራችን «ከራሳችሁ ሕይወት አንድ ነገር ጻፉ» ሲሉን የክፍል ጓደኞቼ ትልልቅ ነገር ጻፉ። እኔ ግን እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ እግር ነው። ስጽፈውም እናደዳለሁ። በንዴት የተጻፈ ጽሑፍ ጥሩ ውጤት ያሰጥ እንደሆነ አላውቅም። እንግዲህ በቅድሚያ ይቅርታ እየጠየቅሁ ልጀምር።

ቤታችን ከሮብ ገበያ ወደ ላይ፣ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ነው። ገብስና ድንች እናመርታለን። አምና በሰኔ፣ ክረምቱ ሳይጠና፣ አባቴ ባሕር ዛፍ ሲፈልጥ መጥረቢያው ከግንዱ ነጥሮ ግራ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ፊት ለፊት አገኘው። ጤና ጣቢያ ወስደነው ተሰፋ። በሳምንቱ መግል ያዘ። ነርሷ ስፌቱን ፈታች፣ አጠበችው፣ ክኒን ሰጠችውና «በየሁለት ቀኑ እየመጣህ ትታጠባለህ» አለችው። በክረምት ጭቃ፣ በአንድ እግር፣ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ፤ በየሁለት ቀኑ! ሁለት ጊዜ ሄደ። ከዚያ ወንዙ ሞላና ሳምንት ቆየ። ሳምንት ቆይቶ ሲሄድ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸችበት።

«እናንተ ሰዎች ካልተቆረጠላችሁ አትሰሙም! መግሉ አጥንቱ ጋ ከደረሰ ማርቆስ ሆስፒታል ሄደህ እግርህን ጥለህ ነው የምትመለሰው!»

አባቴ የሰው ዓይን የሚፈራ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ጤና ጣቢያ አልሄደም። እግር የሌለው ገበሬ ምን እንደሆነ ግን ያውቃል፤ ያቺ ቃል ከጆሮው አልወጣችም። ከእኔም ጆሮ አልወጣችም።

አጎቴ የመጡት ያን ጊዜ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እኔም እንደ አባቴ «አያ» እላቸዋለሁ። በአካባቢያችን ቁስል የሚያርሙ እሳቸው ናቸው። ማረም የምለው የእሳቸውን ቃል ወስጄ ነው። ቁስል ጉድጓዱ ሲጸዳና መግሉ ሲደርቅ፣ ከሥሩ ቀይ፣ እርጥብ፣ ፍርክስክስ ያለ ሥጋ ይነሳል። ውሃ የነካው ምስር ክክ ይመስላል። ይህን ሥጋ እኛ ዘንድ «ትርፍ ሥጋ» ይሉታል። ቆዳው እንዳይገጥም የሚከለክል፣ እንደ አረም ያለ፣ ቶሎ መነቀል ያለበት ነገር ነው ብለው ያምናሉ። አጎቴ ምላጩን እሳት ያስነኩና ይፍቁታል። እሳቸው ሲናገሩ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነው። «ገብስ ሳይታረም ፍሬ አይሰጥም። ቁስልም እንዲሁ ነው።»

ማስረጃም ነበራቸው። ለዚህ ነው ማንም ያልተከራከራቸው። አንደኛው፣ ሥጋው ገና በጣት ሲነካ ይደማል። «አያችሁ መጥፎው ደም?» ይላሉ። ሁለተኛው፣ ሲፋቅ አያምም። አባቴ ራሱ እየሳቀ ነበር የሚያስፋቀው። «የኔ ሥጋ ቢሆን ያመኝ ነበር» ይላል፤ «ባዕድ ነው።»

እኔ ሳህን ያዥ ነበርኩ። በየሐሙሱ ሳህኑን ይዤ ከእግሩ ሥር እንበረከካለሁ፤ ደሙና የተፋቀው ሥጋ እዚያ ይጠራቀማል። የተመረጥኩት እጄ ስለማይንቀጠቀጥ ነው። አጎቴ «ይቺ ልጅ ሐኪም ትሆናለች» ብለው ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሻለሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። በጥቅምት አጎቴ ጉንደ ወይን ለቅሶ ሄደው ሰነበቱ። ሐሙስ ደረሰ። አባቴ «አንቺ አይተሽ የለ፤ ሞክሪው» አለኝ። ምላጩን እሳት አስነካሁ፣ እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፣ ፋቅሁትም። ከአጎቴ በተሻለ ፋቅሁት። እሳቸው ከዳር ከዳር ይተዉት ነበር፤ እኔ አንዲት ቀይ ነጥብ አላስቀረሁም፣ ነጭ እስኪሆን ድረስ። አባቴ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ያን ቀን ራት ስበላ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሬ ነበር።

በኅዳር ትምህርት ለመጀመር ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ቁስሉ ያን ጊዜ አምስት ወር ሊሞላው ነው፤ እንደ መዳፌ ስፋት ነበረው። አንድ ቀን በባዮሎጂ ክፍል መምህሩ ስለ ሰውነት ጥገና ሲያስተምሩ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ሥዕል አበሩ። ቀይ፣ እርጥብ፣ ፍርክስክስ። መጀመሪያ የአባቴን እግር ያሳዩን መሰለኝ።

«ቁስል ሲሞላ የሚታየው ሥጋ ይህ ነው» አሉ። «ከዳርና ከሥር ቀጫጭን የደም ሥሮች እያቆጠቆጡ ወደ ጉድጓዱ ይገባሉ። ፍርክስክስ ብሎ የምታዩት የነዚህ ሥሮች ጫፍ ጫፍ ነው። እነሱ ምግብና አየር ሲያመጡ ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች ተከትለው ይገባሉ፤ ኮላጅን የሚባል ክር እየፈተሉ ወለል ይዘረጋሉ። ቆዳ ከዳር ተነስቶ የሚሳበው በዚያ ወለል ላይ ነው። ወለል ከሌለ የሚሄድበት የለውም።»

እጄን አወጣሁ። እኔ ክፍል ውስጥ እጅ የማወጣው መልስ ሳውቅ ብቻ ነው።

«መምህር፣ ይህ ሥጋ ለምን ቶሎ ይደማል?»

«የደም ሥሮቹ ገና ለጋ ናቸው፤ ግድግዳቸው ስስ ነው። ነርቭ ግን ገና አልገባበትም፤ ስለዚህ ቢቆረጥም ብዙ አያምም።»

ይደማል፤ አያምም። የአጎቴ ሁለት ማስረጃዎች አንድም ሳይጎድሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ነበሩ።

«አንድ ሰው ይህን ሥጋ ቢያነሳውስ?»

«ጤነኛውን? ለምን ብሎ ያነሳዋል?» ክፍሉ ሳቀ። «ካነሳውማ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በየጊዜው ካነሳው መቼም አይዘጋም። ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ ነው መምህር» አልኩ።

እንዲሁ ነው! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የአባቴን እግር ካድሁት። መኝታ ክፍል ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሐሙሶቹን መቁጠር ጀመርኩ፤ አላስቻለኝም፣ ተውኩት። በአጎቴ ተናደድኩ። በነርሷ ተናደድኩ። በአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቀት፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ዝም ብሎ በተቀመጠው ዕውቀት ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ ግን በንጹሕ እጄ ተናደድኩ።

ቤት ስልክ ደወልኩ። «አያን አታስነኩት» አልኩ። እናቴ «እሺ» አለችኝ። እናቴ «እሺ» ስትል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ከጥምቀት በኋላ ፈተና ጨርሰን ለጥቂት ቀን ሲለቁን በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ። ቤት የደረስኩት ሐሙስ ነበር። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቷል። አጎቴ ምላጩን ይዘው አጎንብሰዋል። እናቴ ሳህኑን ይዛለች።

«ዶክተሯ መጣች!» አሉ አጎቴ ቀና ብለው። «ነይ እስኪ ሳህኑን ተቀበያት። የእናትሽ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ደሙን ወለሉ ላይ አፈሰሰችው እኮ።»

«አልይዝም አያ።»

«ምነው? ማርቆስ ሳህን መያዝ ያስረሳል?»

እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። «ሥጋውን አይንኩት። እሱ ነው የሚያድነው» አልኩ።

«ማን አለ?»

«ተምረን ነው።»

«ከገባሽ ስንት ወርሽ?»

«ሁለት ወር ተኩል።»

«እኔ ይህን ሥራ ከያዝኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው።» ወደ አባቴ ዞር አሉ። «ሁለት ወር ተኩል አለች!»

አባቴ ሊያስታርቀን ሞከረ። «ልጄ፣ የኔ ሥጋ ቢሆን ያመኝ ነበር እኮ።»

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ መምህሬ ያስረዱኝን እነሱ በሚያውቁት ነገር ለማስረዳት ሞከርኩ። በበጋ ድንች ስንተክል መጀመሪያ ቦይ እንቀድዳለን አልኩ። ውሃ ሳይገባ ዘር አይገባም። ያ ቀይ ሥጋ ቦዩ ነው፣ የደም ሥር ነው፤ ሕመም የሚሰማው ነርቭ የሚመጣው በኋላ ነው። እርስዎ በየሐሙሱ የሚደፍኑት ቦዩን ነው አልኳቸው።

አጎቴ ምላጩን ሳያስቀምጡ፣ «ቦዩ ውስጥ አረም ቢበቅልስ?» አሉ። «ዝም ትያለሽ?»

 ለእንደዚህ ያለ ጥያቄ መምህሩም አላዘጋጁኝም። እሳቸው ፈገግ ብለው እንደገና አጎነበሱ፣ ምላጩም ወደ እግሩ ቀረበ። በዚህ ጊዜ በሕይወቴ ለታላቅ ሰው ተናግሬ የማላውቀውን ተናገርኩ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስንቱን ሰው እግር አበላሹ!»

 «ኧረ ምላስሽን!» አለች እናቴ። አጎቴ ምላጩን በወረቀቱ ጠቀለሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ። «ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ሐኪም አለህ» ብለው ወጡ። ምሳ ቀርቦ ነበር። እኛ አገር ወንድም ከወንድሙ ቤት የቀረበ ምሳ ሳይቀምስ ከወጣ ነገሩ በሽማግሌ ነው የሚያልቅ።

አባቴ «አዋረድሽኝ» አለኝ።

«እኔም ፍቄዋለሁ አባየ» አልኩት። «ያን የጥቅምቱን ሐሙስ። ከአያም አብልጬ ነው የፋቅሁት። ሊድን ሲል የመለስኩት እኔም ነኝ። የተሳደብኩት እሳቸውን ብቻ አይደለም።»

 እግሩን አየ፤ ግማሹ ተፍቋል፣ ግማሹ እንደ ምስር ክክ ቀይ ነው። «እስከ ፋሲካ ይተው» አለ በመጨረሻ። «ካልዳነ ግን አንቺ ራስሽ ሄደሽ አያን ትጠሪያለሽ። እሱም ካቃተው እግሬ የሚቆረጥበት ቦታ አንቺ ነሽ የምትወስጅኝ።»

በማግስቱ በጎረቤት በቅሎ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ያችው ነርስ ነበረች። ፋሻውን ፈታ ገና ሳትጨርስ ጀመረች። «ይኸው! ስንት ወር ሆነው? ብያችሁ ነበር፣ አትሰሙም—»

«ሲስተር» አልኳት አቋርጬ። «ቤት ምን እንደምናደርግበት አንድ ቀን ጠይቀሽን ታውቂያለሽ?»

«ምን ታደርጉበታላችሁ?»

«በምላጭ እንፍቀዋለን። በየሳምንቱ። ቀይ ሥጋ ሲነሳ።»

መቀሷን አስቀመጠች። ወንበር ስባ አባቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ቆማ ነበር የምታናግረው። «ስንት እንዲህ ያለ እግር አይቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ለምን እንደማይሞላ ግራ ይገባኝ ነበር።» ከዚያም ለአባቴ በእርጋታ አስረዳችው፤ ውሃ ከትንሽ ጨው ጋር ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቁስሉ በሱ ይታጠባል፣ ጎዝ የሚባለው ስስ ጨርቅ ረጥቦ ይደረግበታል፣ በላዩ ፋሻ። እግሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሷ ይታያል። «እንቁላልና ወተት ያስፈልግሃል» ስትለው አባቴ ዐቢይ ጾም እየመጣ መሆኑን ነገራት። «ለእግሬ ብዬ ጾም አልገድፍም።» ተሟገተች፣ አቃታት፤ በባቄላና በሽሮ ተስማሙ። ተናድጄባት የገባሁ ሴት ሩብ ሰዓት ሙሉ ከአባቴ ጋር ስለ ባቄላ ስትከራከር ማየት ንዴቴን ሊወስደው ይገባ ነበር። አልወሰደውም። ይህ ሩብ ሰዓት በሐምሌ የት ነበር?

ማርቆስ ተመለስኩ። እናቴ የቁስሉን ወርድና ቁመት በክር ትለካለች፤ በየእሑዱ ስደውል ክሩ ምን ያህል እንዳጠረ ትነግረኛለች። «የጥፍር ያህል»፣ «ግማሽ ጥፍር»፣ «ዛሬ ምንም»። በአምስተኛው ሳምንት ግን በሥራ ቀን ራሷ ደወለች። ፈርታ ነበር።

«ሥጋው ከቆዳው በላይ ወጣ! እንደ ፍል ተነሳ! አያሽን ልጥራው?»

«እንዳትጠሪ!» ብዬ ጮኽሁ። ግን አላወቅሁም። ስልኩን ዘግቼ ወደ መምህሩ ቢሮ ሮጥኩ። ይህን ጊዜ «እንዲሁ ነው» አላልኩም፤ የአባቴ እግር መሆኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ጽድት አድርጌ የፋቅሁባትን ሐሙስ ጭምር።  አንዳንዴ ያ ሥጋ ከልክ በላይ እንደሚነሳና ቆዳውን እንደሚከለክል፣ ግን በምላጭ ሳይሆን በባለሙያ እጅ እንደሚታይ ነገሩኝ። ነርሷ ጠበቅ ባለ ፋሻ ይዛው በሁለት ሳምንት ወረደ።

ስለዚህ አጎቴ እንዲያው ከመሬት ተነስተው የሚናገሩ አልነበሩም። ድሮ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ በእውነት ከልክ ያለፈ ሥጋ አይቶ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይጠይቅ ቀይ ሁሉ ትርፍ ሆነ። ይህን ሳውቅ ይበልጥ ተናደድኩ። ሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ለመጥላት ይቀለኝ ነበር።

ፋሲካ ሲደርስ ቁስሉ የአውራ ጣት ጥፍር አክሏል። አባቴ ቀጠሮውን አላነሳብኝም። ከዚያም ብዙ ሳትቆይ ያቺ የጥፍር ያህል ቦታም ገጠመች። ጠባሳው ሮዝ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ ፀጉር የለውም፣ አያልበውም። ቁስልን የሚዘጉት ሴሎች ዳርና ዳሩን ይዘው ይስባሉ፤ ሥራቸው ነው። ቁስሉ ለወራት ደጋግሞ ሲከፈት ስለቆየ ግን ክሩ በዝቶ ወፍሯል፣ ከልክ በላይ ስቧል፣ ቁርጭምጭሚቱንም ይዞታል። አባቴ ቁልቁለት ሲወርድ ተረከዙ መሬት አይነካም። በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ ግን ከትልም ትልም ቆም እያለ። ይህን ያደረሰበት መጥረቢያው አይደለም። ይህ የእኛ ሥራ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ እኔም ለበዓል ቤት መጥቼ ሳለሁ፣ የጊዮርጊስ ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ነበር። አጎቴ የማኅበሩ አባል ናቸው፤ ከጥር ወዲህ ቤታችን ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። የነፍስ አባታችንም ነበሩ። ሰው በልቶ ጠላ ከቀመሰ በኋላ አጎቴ አባቴን «እግርህን አሳየኝ» አሉት። ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ድኗል!» አሉ ለቤቱ ሁሉ። «ሥሩ ተነቅሎለት ነበራ። አረሙን ጨርሼ ለሴቶቹ ተውኩላቸው።»

«እጅዎ ይባረክ» አለ አንዱ የማኅበር ሰው። ሌሎቹም ተቀበሉት። አባቴ እግሩን መልሶ ሸፈነ። እኔ ጠላ ልቀዳ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜያለሁ።

የነፍስ አባታችን ወደ እኔ ዞሩ። «በይ ልጄ፣ የአጎትሽን ጉልበት ሳሚ። ለሽማግሌ የማይባል ተናግረሻል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ። «እስማለሁ አባ። ስድቤ ጥፋት ነው። ግን አያ ከእንግዲህ በሰው ቁስል ላይ ምላጭ አላነሳም ይበሉኝ።»

«ይቅርታ እንደ ገበያ ዋጋ አይቆረጥለትም!» አሉ ቄሱ።

አጎቴ ሳቁ። «ባልልሽስ?»

ያን ጊዜ አባቴ ተናገረ። በታላቅ ወንድሙ ላይ በሰው ፊት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ አሁንም የተናገረው መሬት መሬት እያየ ነው። «አያ፣ ከጥር ወዲህ ማንም አልፋቀኝም። ከጥር ወዲህ ነው የዳንሁት። ለልጅቷ ይመልሱላት።»

አጎቴ ሳቃቸውን አቆሙ። ጠላቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ሰው ካልጠራኝ አልሄድም» አሉ።

ይህ ቃል ኪዳን አልነበረም። ሁላችንም አውቀነዋል። ቄሱ ግን «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ፣ ሁሉም «አሜን» አለ፤ እኔም ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው መረቁኝ። ሲመርቁኝ ከልባቸው ነበር፤ እኔ ግን ስስም ከልቤ አልነበረም። ይህን የምጽፈው መምህራችን እውነቱን ጻፉ ስላሉ ነው።

ማኅበርተኛው ከተበተነ በኋላ አባቴ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «ንዴቱ አልወጣልሽም አይደል?» አለኝ።

«አልወጣልኝም አባየ።»

«እኔም አልወጣልኝም» አለ። «ግን ወንድሜ ነው።»

ከዚያ ፋሻውንና የተረፈውን ጎዝ በፌስታል አድርጎ ነገ ለነርሷ እንድመልስላት ሰጠኝ፤ ሌላ እግር ይፈልገዋል አለ። ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን ነበር።